ይቀነሳል አይቀነስም ባዩ ጋሼ ሽብሩ

እስቲ ሳቁብኝ። ፊደል ያልቆጠርኩ፣ ስምሽን ጻፊ ስባል የልጅ ልጄን የምጠራ፣ ሊፍት ውስጥ ገብቼ ቁልፉን የሚጫንልኝ ሰው እስኪመጣ ቆሜ የምጠብቅ አሮጊት፣ በዚህ ዕድሜዬ ኢንቨስተር ሆኜ ነበር። ኢንቨስተር! ቃሉን ስጠራው እንኳ ሰው ሠራሹ ጥርሴ ይነቃነቃል። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና፣ ያታልሉሻል ብሎ እንቁላል እንኳ ግዢ አይለኝም ነበር። ቀና ብሎ ቢያየኝ ኖሮ ተመልሶ ይተኛ ነበር።

እዚህ ውስጥ የከተተኝ ሽብሩ ነው። ከትቶኝ ሲያበቃ ደግሞ እሱ ጥሎኝ ሞተ።

መሞቱን የነገረችኝ ልጄ ሳምራዊት ናት። ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ አጠገቤ ቁጭ አለች። ልጄ ጫማዋን ሳታወልቅ ከተቀመጠች ሰው ሞቷል ማለት ነው።

"እማዬ፣ ጋሼ ሽብሩ..." አለችኝ።

"መቼ?"

"ዛሬ ጠዋት።"

ታዲያ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ምን መሰላችሁ? "የሰዉን ታክስ ጨርሶ ነው?"

"ጨርሶ ነው፣ እማዬ።"

"ኧረ እሱስ ሳይጨርስ አይሞትም" አልኩና ያን ጊዜ አለቀስኩ።

የእኛ አገር ሰው ሱቅ በሞላበት በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ሽብሩን የማያውቀው የለም። ሁሉም ጋሼ ሽብሩ ይለዋል፤ እኔ ብቻ በዕድሜ ስለምበልጠው አንተ እለዋለሁ። የታክስ ወረቀት ይሠራል። ቢሮው የሰይድ ቅመም ሱቅ ጓዳ ነው፤ ጠረጴዛው በሽሮ ጆንያና በበርበሬ ጆንያ መሀል ተሰክቷል። ወረቀቱ ሁሉ በርበሬ በርበሬ ስለሚሸት፣ የታክስ ሰዎች የእኛን አገር ሰው ፋይል እያነጠሱ ነው የሚያነቡት ይባል ነበር። ሰይድ የወሎ ልጅ ነው፤ ሳቁ ከሱቁ ይሰፋል። ለጓዳው ኪራይ አይቀበለውም፤ በለውጡ ሽብሩ የሰይድን ታክስ ይሠራል።

አለባበሱ ይገርማችኋል። ከላይ ክራቫት፣ ከታች ስኒከር። እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ "እርሳሴን ማን ወሰደው?" እያለ ሱቁን ያምሳል። እኔ የት እንዳለ እያየሁ አልነግረውም። ሲያምስ ደስ ይለኛል።

ዓለምን ሁሉ ለሁለት ከፍሏት ነበር፦ ይቀነሳል፣ አይቀነስም። ከታክስ ላይ ማለቱ ነው። ታክሲ ነጂው መኪናዬን አሳጠብኩ ሲለው፣ "ይቀነሳል።" አንዱ ለሠርግ ሙሽራዋን ወርቅ ሸለምኩ ሲለው፣ "አይቀነስም። ሙሽራዋም አትቀነስም።" እኔ ጉልበቴን አመመኝ ስለው፣ "እትዬ አስካለ፣ በጉልበትዎ ገቢ ካላገኙበት አይቀነስም።" አንድ ቀን ሆዱን መታ መታ አድርጌ፣ "ይኼስ ይቀነሳል?" ብለው፣ ክራቫቱን ሆዱ ላይ አስተካክሎ፣ "እሱ የረጅም ጊዜ ኢንቨስትመንት ነው" አለኝ።

ሚስት የለችውም፣ ልጅ የለውም። የሚኖረው ኢንግልዉድ፣ አውሮፕላኑ የሚያርፍበት መስመር ሥር፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። አውሮፕላን በላዩ ባለፈ ቁጥር ወሬውን አቁሞ ይጠብቃል፣ ካለፈ በኋላ ካቆመበት ይቀጥላል። ከመልመዱ የተነሳ ፌርፋክስም መጥቶ፣ ምንም አውሮፕላን በሌለበት፣ በወሬ መሀል ድንገት ዝም ይላል። እኛ አፋችንን ከፍተን እንጠብቃለን። ከዚያ ይቀጥላል። እኔ በዚያች ክፍተት ነበር የራሴን ወሬ የማስገባት።

ይኼ ሰው በዚህ ምድር ላይ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ግቢ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ታክሲ ነጂ ጓደኛው ኢንግልዉድ ሞቶ ለቅሶው የተካሄደው በሕንጻው ፓርኪንግ ላይ ነበር። አፓርትመንት ውስጥ ድንኳን የት ይተከላል? ማኔጀሩ መጣና ድንኳኑን ካላነሣችሁ እንደ መኪና አስጎትቼ ቶው አስደርገዋለሁ አለ። ድንኳን ቶው ሲደረግ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ድንኳኑ ተነሣ፣ ሰው ወንበር ዘርግቶ በመኪና መሀል ተቀመጠ። ከዚያ አንዱ ተከራይ መኪናውን ሊያወጣ ጥሩምባ ይነፋል፤ ለቀስተኛው እንባውን እየጠረገ ወንበሩን ይዞ ይነሣል። መኪናው ያልፋል፣ ሰዉ ይቀመጣል። ደግሞ ሌላው ይነፋል። ሟች ቢያየን ኖሮ "ተዉት፣ ሌላ ጊዜ እሞታለሁ" ይለን ነበር።

የዚያን ቀን ሽብሩ ወንበሩን እንደታቀፈ ወደኔ ዞረ። "እትዬ አስካለ" አለኝ፣ "እኔ ስሞት ሰው ወንበር ተሸክሞ እየተነሣ አያለቅስልኝም። ዘመድ የለኝም፣ እሺ። ቢያንስ ግቢ ይኑረኝ።"

ሳቅኩበት። እሱ ግን አልሳቀም።

ከዚያ ያ የሰደድ እሳት መጣ። ተራራው ሥር ያለውን አልታዲና የሚባለውን ሰፈር በላው። አመዱ እኛ ድረስ መጥቶ ፌርፋክስ ላይ በቆሙት መኪኖች ላይ ዘነበ። ሳምንታት አለፉና ሽብሩ አንድ ቀን አዲስ ክራቫት አድርጎ ጓዳ ገባ። ሰይድ ነበር፣ እኔ ነበርኩ፣ ጎረቤቴ ብርቄ ነበረች። ብርቄ ከእኔ በር ቀጥሎ ነው የምትኖረው፤ አፏ ወንፊት የለውም።

"ኦኬ፣ ስሙኝ" አለ ሽብሩ። "እሳት በነካው ሰፈር ቤት ሠርቶ ለሚያከራይ ሰው መንግሥት ታክስ ይቀንስለታል። ኢንሴንቲቭ ይባላል፣ ማበረታቻ ነው። ሶ፣ ሰፈሩ ቶሎ እንዲያገግም ነው። ቤት ሠራህ፣ አከራየህ፣ ቤቱ አረጀ ብለህ ከታክስህ ላይ ትቀንሳለህ።"

"አዲስ ቤት እንዴት አድርጎ ያረጃል?" አልኩት።

"በወረቀት ያረጃል። ዲፕሪሲዬሽን ይባላል። ሌላ ቦታ ቀስ እያለ ነው የሚያረጀው። አደጋ በነካው ቦታ ግን፣ ይበርታ ብለው፣ ብዙውን እርጅና ከመጀመሪያው ይሰጡሃል።"

"እኔም እኮ እርጅናውን በአንዴ ነው የሰጡኝ። ማን ቀነሰልኝ?"

"እርስዎ ኪራይ አያስገቡም፣ እትዬ።"

ሰይድ፣ "ጋሼ፣ ወለድ ካለበት እኔ የለሁበትም" አለ።

"ወለድ የለም። ባለችን ነው። እኔ፣ አንተና እትዬ አስካለ አዋጥተን ቦታ እንገዛለን፣ ቀስ ብለን እንሠራለን፣ እናከራያለን።"

"ግቢውስ?" አልኩት፤ ነገሩ ገብቶኛላ።

እርሳሱን ከጆሮው አወረደ። ዛሬስ አልጠፋበትም ለካ። "ቤቱ ይከራያል" አለ። "ግቢው ግን በውሉ ላይ ለእኔ ለቅሶ ይያዛል።"

"ተከራዩ ምን ይላል?" አለ ሰይድ።

"ጥቂት ቀን ነው። ይታገሣል።"

ብርቄ ይኼን ሁሉ ሰምታ ነጠላዋን ሰበሰበች። "ሰው በተቃጠለበት ላይ ሄዳችሁ ልትቀንሱ?" አለች። "እኔ የለሁበትም። የእኔ ብር ፍራሽ ውስጥ ነው ያለው፤ እዚያ አያረጅም።" ወጥታ ሄደች።

እኔ ገባሁበት። የልጅ ልጆቼን ስጠብቅ ልጄ የምትሰጠኝን ያስቀመጥኳት ነበረች። ምን ልሠራባት ነው? ጥርስ አስተክያለሁ።

አንዲት ሴትዮ ቤቷ ተቃጥሎ ቦታውን ልትሸጥ ታስባለች ብሎ ደላላ ለሽብሩ ነገረው። ቅዳሜ በሰይድ ቫን ሄድን። መንገድ ላይ ሽብሩ ትምህርት ጀመረ።

"ስንደርስ ማንም ሰው 'ውይ' እንዳይል። 'ውይ' ካላችሁ ዋጋው ይወጣል። ሰይድ፣ አንተ መሬቱን በእግርህ መታ መታ አድርግና ፊትህን አጥቁር። እትዬ አስካለ፣ እርስዎ ምንም እንዳልጣመዎት ጭንቅላትዎን ይነቅንቁ። በቃ። ወሬውን ለእኔ ይተዉልኝ።"

"እሺ" አልኩት።

ከዚያ ዞር ሲል ጭኔ ላይ ያለውን ድስት አየ። "ምንድን ነው እሱ?"

"ንፍሮ።"

"ንፍሮ ምን ያደርጋል?"

"የሰው ቤት ተቃጥሎ ባዶ እጄን ልሂድ?"

"እትዬ! ልንገዛ ነው እኮ የምንሄደው!"

"ግዛ፣ ማን ያዘህ?"

ያን ጊዜ ነጠላዬን አየው። አዘቅዝቄ ነበር የለበስኩት፣ እንደ ለቅሶ። ተነፈሰ። ሰይድ መሪውን ይዞ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

ደረስን። ልጆቼ፣ እንዲያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። መንገዱ ግራና ቀኝ አመድ ነው። ቤት በካሽ እንገዛለን የሚል ወረቀት በየእንጨቱ ተለጥፏል፤ ሰይድ ነው ያነበበልኝ። ሴትዮዋ ቤት ብቻውን የቆመ የጭስ ማውጫ አለ። ፊት ለፊቱ ደረጃ አለ፤ ትወጡታላችሁ፣ ከላይ ምንም የለም። ከጓሮ አንድ የብርቱካን ዛፍ ግማሹ ከስሏል፣ ግማሹ ፍሬ ይዟል። እሷ ባርኔጣ አድርጋ በታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ረጅም፣ ጥቁር፣ በእኔ ዕድሜ ያለች። ሚስ ሎሬታ ትባላለች።

ሽብሩ ክራቫቱን አስተካክሎ እጁን ሊዘረጋ ነው። እኔ ግን ያቺን የትም የማታደርስ ደረጃ ሳይ አልቻልኩም። ድስቱን ለሰይድ አቀበልኩና ጮህኩ።

"ወይኔ እህቴን! ወይኔ ቤትሽን! ያን ሁሉ ያበሰልሽበትን! ያን ሁሉ ልጅ ያሳደግሽበትን! ባልሽ በየትኛው በር ይግባ ከእንግዲህ! ወይኔ!"

ደረቴን እየመታሁ ሄጄ አቀፍኳት። መጀመሪያ ደነገጠች፤ ፖሊስ ልትጠራ መስሎኝ ነበር። ቀጥላ ባርኔጣዋን አወለቀች። በጣም ረጅም ስለሆነች እኔ ትከሻ ላይ ለመድረስ ሁለት ቦታ መታጠፍ ነበረባት። ታጥፋ አለቀሰች። ትልቅ ሴት፣ እንደ ልጅ።

ለቀቅ ስታደርገኝ ሽብሩን፣ "ምን እያለች ነው?" አለችው። ይኼን ያህል እንግሊዝኛ እኔም አላጣም።

"ሶሪ ትላለች" አለ ሽብሩ።

"ያ ሁሉ 'ሶሪ' ነው?"

ሽብሩ ክራቫቱን ላላ አደረገ። "ሌላም አለበት" አለና ያልኩትን መተርጎም ጀመረ። ምግቡን ተረጎመ፣ ልጆቹን ተረጎመ፤ "ባልሽ በየትኛው በር ይግባ" የሚለው ጋ ሲደርስ ዝም አለ። እኔ አውሮፕላን መስሎኝ ቀና ብዬ አየሁ። አውሮፕላን አልነበረም።

ከመኪናዋ ወንበር አወጣችልን፣ ተቀመጥን። ንፍሮውን በእጅ በእጃችን ዘገንን። ባሏ ፖስታ አዳይ ነበር፤ ያንን ብርቱካን የተከለው እሱ ነው፤ ከሞተ ቆይቷል። አሁን በየቀኑ ስልክ ይደወላል፣ ስንት ትሸጪዋለሽ ይላል። አንዳንዱማ ደህና አደርሽ ሳይል ሜትሩን ይዘረጋል። እሷ ስትናገር ሽብሩ እየተረጎመልን ነው።

"ከእሳቱ ወዲህ" አለ እየተረጎመ፣ ዓይኑን ስኒከሩ ላይ ተክሎ፣ "ከእሳቱ ወዲህ ዋጋ ሳይጠይቀኝ የመጣ ሰው እናንተ ብቻ ናችሁ... ትላለች።"

ሰይድ ጎንበስ ብሎ በጆሮው፣ "ጋሼ፣ ዋጋውን አሁን ይጠይቋታል እንዴ?" አለው።

"ዝም በል፣ አንተ ሰይጣን።"

ሚስ ሎሬታ ሦስታችንንም አየችን። "ከቸርች ናችሁ?" አለች። ሽብሩ ኖ አለ። "ከኢንሹራንስ?" ኖ። "ታዲያ ለምንድን ነው የመጣችሁት?"

ሁላችንም ወደ ሽብሩ ዞርን። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደና ኪሱ ውስጥ ከተተው። አንድ ነገር አላት። ምን አላት ብዬ ሰይድን ጠየቅኩት። "ከእርስዎ ጋር ልንቀመጥ ነው የመጣነው አላት" አለኝ።

ቫኑ ውስጥ ስንገባ ግን አያድርስ። "አበላሹብኝ!" ይላል። "ለቅሶ የተቀመጥኩበትን ቤት እንዴት ብዬ ነው ዋጋ ቀንሺልኝ የምለው? ንፍሮዋን በልቼ!"

"ንፍሮው የእኔ ነው" አልኩት። "ደግሞ ድስቱን ያጸዳኸው አንተ ነህ።"

"ንፍሮ አይቀነስም!" ብሎ ጮኸ።

ሰይድ መኪናውን ዳር አቁሞ ስቆ እስኪጨርስ ጠበቅነው። ከዚያ ሽብሩ አኩርፎ በመስኮት እያየ ሄደ። ሰፈራችን አጠገብ ፒኮ መንገድ ስንደርስ፣ ዞር ሳይል፣ "ሠልስቱ ሰኞ ነው" አለ።

"የምን ሠልስት?"

"የቤቷ ነዋ! ከጀመራችሁ አይቀር በሥርዓቱ ነው እንጂ፣ ተጀምሮ ይተዋል?"

ሰኞ ምን ይዞ ቢመጣ ጥሩ ነው? የእድሩን ድንኳን። ከነወንበሩ። ጥቁር ክራቫት አስሯል፤ ስኒከሩ ግን ያው ነጭ ነው። አመዱን ጠርገን ደረጃው ፊት ተከልነው። ሚስ ሎሬታ አገጯን ይዛ ታየናለች። ትንሽ ቆይቶ ከየአመዱ ውስጥ ሰው ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ። ውሻ የያዘ ሽማግሌ መጣ። አንድ የሜክሲኮ ቤተሰብ ከነልጆቹ መጣ። ማን ሞተ አሉ። "ቤቶቹ" አላቸው ሽብሩ። ማንም አልሳቀም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ ሁሉም። ለካ ከእሳቱ ወዲህ አንዱ አንዱን አላየውም ኖሯል፤ ይተቃቀፉ ጀመር። እኔ ማንን ከማን እንደማቅፍ ጠፋኝና ውሻውንም አቀፍኩት።

በመሀል አንድ ሱፍ የለበሰ ጎረምሳ ወረቀት ይዞ ገባ። ገዢ ነው። ሽብሩ ተነሥቶ ድንኳኑ በር ላይ ያዘው። "ለቅሶ ቤት ዋጋ አይጠየቅም፤ ቁጭ በል" አለው። ንፍሮ ዘግኖ በመዳፉ ሰጠው። ልጁ የሚያደርገው ጠፍቶት ጥቁር መነጽሩን አወለቀ፣ ተቀመጠ፣ ንፍሮውን አንድ በአንድ እያነሣ በላ። አሳዘነኝ፤ ደገምኩለት።

ሰዉ ሲሳሳ ሚስ ሎሬታ ወንበሯን ወደ ሽብሩ አስጠጋች። ታክስ እንደሚሠራ ሰይድ ነግሯታል። "ልሽጠው ወይስ ምን ላድርግ?" አለችው። "ኢንሹራንስ የሰጠኝ የድሮውን የሚያህል ቤት አያሠራም።"

ሰይድ አየኝ፣ እኔ አየሁት። የሦስታችን ብር ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። "ይሽጡልኝ" ቢላት በዚያች ደቂቃ እሺ ትለው ነበር። ሽብሩም ግቢውን ሲያየው አየሁት፤ ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ፣ ከብርቱካኑ እስከ ደረጃው። ድንኳኑ ልክ ገብቶበታል። ለእሱ ተለክቶ የተሠራ ይመስል ነበር።

እርሳሱን አወጣ።

"አይሽጡ" አላት። ሰይድ ለእኔ ቀስ እያለ ይተረጉምልኛል። "መንግሥት ታክስ እቀንሳለሁ ያለው ለሚያከራይ ሰው ነው። የሚያከራየው ባዕድ ይሁን አላለም። ሶ፣ ትልቁን ቤት ይርሱት። ተሠርተው በመኪና የሚመጡ ትንንሽ ቤቶች አሉ። ሁለት ይትከሉ። በአንዱ ይኑሩ፤ እሱ አይቀነስም። ሌላውን ያከራዩት፤ እሱ ይቀነሳል። ኪራዩ እርስዎን ይይዛል።"

እያሰመረ፣ እየሰረዘ፣ ሲያስረዳት ዋለ። ለእኛ ለመብላት ያጠናውን ሁሉ ለእሷ አጎረሳት።

ስንመለስ አልቻልኩም፣ ነካሁት። "ግቢህስ?" አልኩት።

ዝም አለ። ረጅም አውሮፕላን አለፈ በሉት።

ከዚያ ወዲህ ሽብሩ ቅዳሜ ቅዳሜ አልታዲና መሄድ ጀመረ። ክትትል ነው ይላል። የፈቃድ ነገር ነው፣ የኢንስፔክተር ነገር ነው። ክራቫቱ ግን በየሳምንቱ እየደመቀ ሄደ። አንድ ቅዳሜማ ስኒከሩን ትቶ የተወለወለ ጥቁር ጫማ አድርጎ መጣ። ብርቄ አሸተተችው። "ታክስ እንዲህ ሽቶ ይቀባል?" አለችው።

"እሷስ ትቀነሳለች?" አልኩት እኔም።

"ከተጋቡ ይቀነሳል" አለ ሳያስበው፣ ከዚያ ጆሮው ቀላ፣ እርሳሱ ወደቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ የት እንደወደቀ ነገርኩት።

በዓመቱ ቤቶቹ በትልቅ መኪና ተጭነው መጡ፣ ተተከሉ። አንድ ቀን ጓዳ ተሰብስበን፣ "ለሁለተኛው ቤት ተከራይ ተገኘላት?" አልኩት።

"ተገኘ።"

"ምን ዓይነት ሰው ነው?"

"ሰላማዊ ነው። ልጅ የለው፣ ውሻ የለው፣ አያጨስም።"

"ማን ነው?"

ክራቫቱን አጠበቀ። "እኔ ነኝ" አለ።

ሰይድ ሽሮ ጆንያ ላይ ወደቀ። እኔ ጥርሴን በእጄ ያዝኩ። ኢንቨስተር እሆናለሁ ብሎ ሄዶ ተከራይ ሆኖ ቀረ! ይባስ ብሎ የእሱን መዋጮ ቅድሚያ ኪራይ ብሎ ሰጥቷት ኖሯል፣ ውኃና መብራቱ እንዲገባ። የእኔንና የሰይድን እንዳለ መለሰልን፤ ጭስ እንኳ ሳይሸተው።

"ሌላ ተከራይ ጠፍቶ ነው?" አልኩት።

"ይጠፋል እንዴ? ግን እትዬ፣ ሌላ ሰው ቢገባ ታክሷን ማን ይሠራላታል?"

አልታዲና ከገባ ወዲህ አንድ ነገር ለወጠ። በወሬ መሀል ዝም ማለቱን ተወ። አውሮፕላን የለማ። ወሬውን ከጀመረ እስከ መጨረሻው ይዘልቀዋል። እኔ እንዴት እንደተናደድኩ! ለመግባት ቀዳዳ አጣሁ።

በዚያ ቤት ብዙም አልቆየም። የዘንድሮውን የሰው ታክስ ሁሉ ጨርሶ፣ የመጨረሻውን ታክሲ ነጂ ሸኝቶ፣ በማግሥቱ ጠዋት ብርቱካኑ ሥር ወንበር አውጥቶ ተቀመጠ። ሚስ ሎሬታ ቁርስ በላህ ልትለው ስትወጣ እንደተቀመጠ ነው። ዝም ብሏል። መጀመሪያ ልማዱ የተመለሰበት መስሏት ቆማ ጠበቀችው አለችን። ስለ አውሮፕላኑ ነግሯት ነበርና።

ድንኳኑ እዚያው ተተከለ። ደረጃው ፊት፣ ልክ በፊት የተተከለበት። ከኢንግልዉድ ታክሲ ነጂው መጣ፣ ከግሌንዴል ሰፈርም ሰው መጣ፣ ውሻ ያለው ሽማግሌም መጣ፣ እነዚያ ሜክሲኮዎችም ከነልጆቻቸው። ጥሩምባ የነፋ የለም። ወንበር ይዞ የተነሣ የለም። ሰዉ እንደ ልቡ ተቀምጦ አለቀሰ።

ሚስ ሎሬታ ነጠላ ለብሳ ወጣች፤ ከሰይድ ሱቅ የገዛችው ነው። ላስተካክልላት ብድግ ስል፣ አዘቅዝቃዋለች። ያን ቀን በእኔ ላይ ያየችውን ይዛ ነው። ድንኳኑ መሀል ቆማ በእንግሊዝኛ ጮኸች፤ ደረቷን እየመታች፣ ረጅም፣ ረጅም ነገር።

"ምን እያለች ነው?" አልኩት ሰይድን።

ሰይድ አፍንጫውን ጠረገ። "ሶሪ ትላለች" አለኝ።

"ያ ሁሉ 'ሶሪ' ነው?"

"ሌላም አለበት፣ እትዬ" አለና ትከሻዬ ላይ ተደፋ። መተርጎም አልቻለም። አላስፈለገኝምም።

ከዚያ ድስት ይዛ ዞረች። ንፍሮ ነው፣ ራሷ የቀቀለችው፤ ስንዴውም ሽምብራውም በደንብ በስሏል። ለሁሉም በመዳፉ እየዘገነች ሰጠች፤ ለብርቄም። በላን።

ስንመለስ ብርቄ ከኋላ ተቀምጣ ፒኮ እስክንደርስ አልተነፈሰችም። ብርቄ ዝም ካለች ታማለች ማለት ነው ብዬ ልጠይቃት ስዞር፣ መዳፏን ነጠላዋ ላይ ትጠርጋለች።

"እናንተ ኢንቨስተሮች" አለችኝ። "ኢንሴንቲቭ ኢንሴንቲቭ ስትሉ ከርማችሁ ያተረፋችሁት አንዲት አልቃሽ ነው። እሷም ንፍሮ በስኳር የምትቀቅል።"